የፋቅሁት ፍርድ

በአንኮበር ይግባኝ ሰሚ ወንበር ጸሐፊ ሆኜ በገባሁበት ቀን ብዕር አልተሰጠኝም። የጸሐፊዎቹ አለቃ፣ ሸምገል ያሉ ደብተራ፣ ስለት ያለው ጠፍጣፋ ብረትና አንድ እቅፍ አሮጌ ብራና አስታቀፉኝ።

«ያለቀለት ነገር ነው። ፍቀህ አለስልሰው፤ አዲስ ፍርድ ይጻፍበታል» አሉኝ።

ብራና ውድ ነበር። ቀላል ክርክር በቃል ያልቃል፤ የሚጻፈው የደምና የርስት ነገር ብቻ ነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህማ ቆዳ የሚያቀርብልን ጠፋ። ስለዚህ ያረጀውን ፍርድ እየፋቅን በላዩ እንጽፍ ነበር። እኔ ከመፋቄ በፊት አነብበው ነበር።

አንዱን አልረሳውም። ተከሳሹ የጫጫ ሰው ነው። በሬ ሊመልስ የወረወረው ዱላ ሰው ገደለ። ያየ ምስክር የለም። ወንበሩ፣ ሆን ብሎ እንዳልገደለ በታቦት ፊት እንዲምል ፈቀደለት። ማለ። ሞት ቀረለትና ንስሐና የደም ካሳ ተፈረደበት። አንብቤ ስጨርስ ፋቅሁት።

ዓመታት አለፉ። አለቃችን ሞቱ፤ በቦታቸው እኔ ተቀመጥሁ። በዚያ ክረምት ከደብረ ብርሃን አንድ የሞት ፍርድ በይግባኝ መጣ። ተከሳሹ ሽፈራው የሚባል የእነዋሪ ገበሬ ነው። ገብሱን ወደሚበላ በሬ የወረወረው ድንጋይ ጎረቤቱን ግንባሩ ላይ አግኝቶ ገደለው። ከሳሽና ተከሳሽ አብረው በሚታሰሩበት ደንብ ከሟቹ ወንድም ከአበጋዝ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በእግራቸው ወጥተው ወርደው ደረሱ።

ተራቸው እስኪደርስ ሁለት ወር ጠበቁ። ጉሙ አገሩን ሲሸፍነው በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ከአጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር። በኋላ ሽፈራውን ትኩሳት ሲጥለው አበጋዝ ራሱን ደግፎ ውሃ ሲያጠጣው አየሁ።

በችሎቱ ቀን ሽፈራው «ድንጋዩን የወረወርሁት ለበሬው ነው። ያየኝ ሰው የለም። ልማል» አለ።

የወንበሩ ዳኛ አቶ ዘለቀ ወደ አበጋዝ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ አምኜዋለሁ ጌታዬ። ሁለት ወር አብሬው ተኝቻለሁ፤ በእንቅልፉም የሚያወራው ይህንኑ ነው። እናቴ ግን ደም ይመለስልኝ ብላለች። ከእሷ ቃል አልወጣም።»

አቶ ዘለቀ ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ፦ «ይህ ወንበር በደም ነገር የገዳይን መሐላ ተቀብሎ ያውቃል?»

«ያውቃል ጌታዬ» ብዬ የጫጫውን ሰው ነገር ተናገርሁ።

«አምጣና አንብበው።»

«ተፍቋል።»

«ማን ፋቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ የሚያስታውስ አለ?»

ማንም አልነበረም። የፈረዱት ዳኛም አለቃዬም ሞተዋል።

«በአንድ ጸሐፊ ትዝታ የሰው ደም አላልፍም» አሉና የደብረ ብርሃኑን ፍርድ አጸኑ። መሐላው ቀረ። ውሳኔውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ደገምሁት። የንጉሡ ፈቃድ ከእንጦጦ ሲመጣ ሽፈራው እንዲገደል ለደም ባለቤቶች ተሰጠ።

አበጋዝ ከወር በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣ። የሰንሰለቱ ቁስል ገና አልጠገገም ነበር።

«የሽፈራውን ነገር ጽፈኸዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እሱን እንኳ አትፋቀው» አለኝና ሄደ።

አልፋቅሁትም። ለብቻው ጠቅልዬ በማኅደር አስቀመጥሁት። ይህን በማድረጌም ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከጣርማ በር አንድ እረኛ በይግባኝ መጣ፤ ሽማግሌ ነው። በጨለማ ጅብ መስሎት ሰው ወግቷል። ምስክር የለውም፤ እሱም ልማል አለ። አቶ ዘለቀ በዚህ ጊዜ አላመነቱም፤ ወደ እኔ ዞረው «የተጻፈ አለ?» አሉ።

«አለ» አልሁና ያለኝን ብቸኛ ጽሑፍ፣ የሽፈራውን ብራና አወጣሁ። የወንበሩ ቃል እንዲህ ይላል፦ በደም ነገር የገዳይ መሐላ አይታመንም።

አንብቤ ስጨርስ «ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ፍርድ ነበረ» አልሁ።

«የተጻፈውን ሰምቻለሁ» አሉ።

ሽማግሌውም እንደ ሽፈራው ሆነ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ለማንም መሐላ ሲፈቅድ አላየሁም።

እስክወጣ ድረስ በዚያ ቤት ብራና አልፋቅሁም፤ በሥሬ ያሉትንም ከለከልሁ። ቦታ ሲጠበን ጠርዝ ላይ እንጽፋለን፤ ብራና ሲያልቅ ፍርዱ ይቆያል። ዳኞች ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ለወጣት ጸሐፊዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የትኛው ፍርድ ነገ ሰው እንደሚያድን፣ የትኛው እንደሚገድል ጸሐፊ አያውቅም። ሁሉንም ያስቀምጥ።