ከቅሬ ልሰናበት የሄድኩበት ጁምዓ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ የማወራው ሁሉ ቅጥፈት ይመስላል። ባጃጅ ስሳፈር ቢስሚላህ ብዬ ብረቱን በሁለት እጄ አንቄ ነው የምሄደው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገዩ ደጅ ቆሜ አስፋልቱን አያለሁ፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር «ያ ረቢ» እላለሁ።

የምሠራበት ቦታም ለፈሪ የሚሆን አይደለም። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ያለ የማሾ መጋዘን ነው። እኛ ሴቶቹ ሸራ ላይ የፈሰሰውን ማሾ ከበን ጠጠሩንና የነቀዘውን እንለቅማለን። የተለቀመው በጆንያ ሆኖ ከጀርባችን ይደረደራል፤ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔ ሁልጊዜ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። «ዘበኛዋ» ይሉኛል ሲያሾፉብኝ።

ክረምት ላይ ያ የጆንያ ድርድር ተናደ። አጠገቤ ትለቅም የነበረች ጓደኛዬ እግሯ ተሰበረ። አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ድና ትሄዳለች፤ ክረምቱን ግን ተኝታ ነው ያሳለፈችው። ቅሬያችን፣ እኛ ሰፈር ተሰብስበን የምንቀባበርበት ማኅበር ማለት ነው፣ ለሞተ እንጂ እግሩ ለተሰበረ ደንብ የለውም። ምግቡን እየያዝን ሄድን፣ ልብሷን አጠብን፤ የሐኪም ቤቱን ግን እሷው በጎቿን ሸጣ ነው የቻለችው። ከዚያ ወዲህ «እኔ ብሆንስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ትንሿ ልጄ ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ ስለ ኢንሹራንስ የነገረን ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ግማሹን ድርጅቱ ይከፍላል፤ ግማሹ በየወሩ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንደኛው ሥራ ላይ አደጋ ለደረሰበት ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ግን አደጋውንም ሞቱንም ይይዛል፣ ሥራ ላይም ይሁን ቤት። ወለድ የሌለበት ነው፣ ሸሆቹም አይተውታል አለን። የፈለገ የፈለገውን ይመርጣል፣ ያልፈለገ ይተወዋል፤ ሰኞ ከደሴ መዝጋቢ ትመጣለች።

እኔ እየሰማሁ ነገሩን ከማውቀው ጋር አስተያየሁት። በየወሩ ይዋጣል። አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይሰጣል። ይህ ቅሬ ካልሆነ ሌላ ምንድን ነው? ቅሬ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ነው። ሰፈር የሚቀይር እንኳ የነበረበትን ቅሬ ተሰናብቶ፣ አፉ ተባብሎ፣ በይቅርታ ተለያይቶ ነው ሌላው ውስጥ የሚገባው። በሁለት ቅሬ የሚቀበር ሰው አይቼ አላውቅም።

ባሌ የከብት ደላላ ነው። ያን ዕለት ከሰንበቴ ገበያ ድምፁ ጎርንኖ ሲመለስ ነገርኩት።

«ያ ሃዳ ኢጆሌ» አለኝ፤ የልጆች እናት ማለቱ ነው፣ ከወለድን ወዲህ በሌላ ጠርቶኝ አያውቅም። «የደሴ ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ሊቀብርሽ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«መንገድ ቢዘጋስ? እነሱ እስኪደርሱ እኛ ቁጭ ብለን ልንጠብቅ?»

«አንተ መቼም ሁሉ ነገር ቀልድ ነው።»

«ወላሂ አልቀለድኩም። የቢሮ ሰው አካፋ ይችላል?»

ከዚያ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን ካራገፈ በኋላ፣ «ግን እግርሽ ቢሰበርስ?» አለ። «እኔ አንድ ገበያ ከቀረሁ ቤታችን ይጎድላል። ለትንሿ ስትዪ ግቢ። ግን ደንቡን ጠብቂ፤ ቅሬውን አፉ በሉኝ ሳትዪ እንዳትመዘገቢ።»

ጁምዓ ሰላት ከወጣ በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ።

«አፉ በሉኝ፤ ልሰናበታችሁ ነው» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ወዴት ልትሄጂ?» አለች ጎረቤቴ።

«የትም። እዚሁ ነኝ።»

«እዚሁ ሆነሽ ከኛ ልትወጪ?» ፊቷ ተለዋወጠ። «ገባኝ። እናትሽ የሞተች ቀን ውሃ ያዘገየሁት አህያዬ ጠፍታብኝ ነው። እስከ ዛሬ ቂም ይዘሽብኛል?»

«ኧረ እኔ ምንም አልያዝኩም።»

«ይዘሻል እንጂ። አልጠፋችም፣ ሰበብ ነው ብለሽ ነበር አሉ።»

ከወዲያ ደግሞ ሌላዋ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ድስትሽንም ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ አፉ በዪኝ» አለች። ያን ድስት ማን እንዳጣመመው ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ሰማሁ።

የቅሬው ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙን። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ «ምን አገኘሽ?»

የመጋዘኑን ነገር ከነጆንያው ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ «እንግዲያው ጠይቂያቸው» አሉ። «መቃብር የሚቆፍረው ማነው? ውሃና እንጨት የሚያመጣውስ? ለተዕዚያ ለቅሶ ቤት ስንት ቀን ይቀመጣሉ? ከኛ የሚሻሉ ከሆኑ አፉ ብለንሻል፤ እኛም እንከተልሻለን። ካልቻሉ ግን አንለቅሽም።»

ሰኞ የመጣችው መዝጋቢ የታላቋ ልጄ እኩያ የምትሆን ወጣት ናት። አማርኛዋ የሬዲዮ ነው። ሁሉን አስረድታ ስትጨርስ፣ «ጥያቄ ያለው?» አለች። እጄን አወጣሁ።

«የኔ ልጅ፣ መቃብሩን ማነው የሚቆፍረው?»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

«መቃብሩን። ውሃውንስ ማን ይቀዳል? ከደሴ ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»

እግሯ ተሰብሮ የነበረው ጓደኛዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ተቀመጪ፤ አታዋርጂን።»

ልጅቷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ የኔም እናት ቅሬ አላት» አለችኝ። «እኛ አንቆፍርም። ውሃም አንቀዳም፣ ተዕዚያም አንቀመጥም። የኛ ገንዘቡ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። በዚያው ቀን የሚደርስልዎ ቅሬዎ ነው።»

«ታዲያ ቅሬሽን ልቀቂ አላላችሁኝም?»

«ማነው እንደዚያ ያለዎት? እንዳይወጡ።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ከደረቴ ላይ ጆንያ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። ግን ምርጫው ገና ነበር። የአደጋውን ብቻ ልውሰድ፣ የሞቱንም ልጨምር? የሞቱን ብዬ ብመርጥ በገዛ አፌ ሞቴን የምጠራው መሰለኝ።

«ምን ያስፈራሻል?» አለች ጓደኛዬ። «ያ ጆንያ እኔን ሲመታኝ ተመዝግቤ ነበር? ሁለቱንም በያቸውና ወደ ሥራሽ።»

ሁለቱንም አልኩ። መዝጋቢዋ ገንዘቡ ለማን ይሁን ስትለኝ የትንሿን ልጄን ስም ጠራሁ። ልጅ ስለሆነች እስክታድግ የሚይዝላት ያስፈልጋል አለች፤ አባቷ ይያዝላት አልኩ።

ባሌ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፣ የቀልዱን። «እኔን ያዥ አድርገሽ አስቀረሽኝ?»

«ላንተማ ብሰጥ ሌላ ታገባበታለህ።»

«አንድ ብቻ? በጣም ዝቅ አድርገሽ ገመትሽኝ።» ስቆ ሲያበቃ፣ «ብቻ አንቺ በር አጠገብ መቀመጥሽን እንዳትተዪ» አለኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ዋርካው ሥር ሄጄ የልጅቷን መልስ አደረስኩ። ሽማግሌው ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አኮስተረው ፈረዱብኝ። «እወጣለሁ ብሎ ቅሬ የበጠበጠ ይቀጣል። ለመጪው ሰደቃ እንጨቱ ያንቺ ነው።»

በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት ቅጣት ያ ብቻ ነው። ጎረቤቴ አህያዋን ልታውሰኝ ራሷ ይዛት መጣች። እንጨቱን ጭነን ጥቂት እንደሄድን፣ አህያዋ ድንገት መንገዱን ትታ በማሽላው መሃል ከነጭነቷ ፈረጠጠች። ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን፣ የወደቀውን እንጨት እየለቀምን፣ ከኋላዋ ሮጥን።

«አየሽ?» አለችኝ እያለከለከች። «ጠፍታብኝ ነው አላልኩሽም?»