ሚስቴ የሞላችልኝ መጠይቅ

እኛ አገር ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ታማሚው ያቃስታል፣ አስታማሚው ይናገራል። እኔ ግን አላቃሰትኩም፤ ዝም ነው ያልኩት፤ ሚስቴን ያሰጋትም እሱ ነው። ጦርነቱ እንግዳ ካስቀረብን ወዲህ ላሊበላ ያለ አስጎብኚ ሁሉ ሥራ ፈትቷል፤ እኔ በዚያ ላይ እንቅልፍም አጣሁ። «ዛሬ ካልሄድክ የንስሐ አባታችንን እጠራልሃለሁ» ስትለኝ ጤና ጣቢያውን መረጥኩ። እዚያ ቢያንስ ስግደት አያዙም።

ባለሙያው አንድ መጠይቅ ሰጠኝና «የሚሰማዎትን ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ ስህተት የሚባል መልስ የለም» አለኝ። ስህተት የሌለበት ፈተና አይቼ ስለማላውቅ ተጠራጠርኩ። ምርጫዎቹ «በፍጹም»፣ «አንዳንድ ቀን»፣ «አብዛኛውን ቀን»፣ «በየቀኑ» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል የለም። ላስታ ሙሉ እንዴት ነህ ሲባል የሚመልሰውን ትተው ምን ሊለኩ እንደሆነ አልገባኝም።

«በፍጹም» ይቀርበዋል ብዬ እሱ ላይ እያደረግሁ ወረድኩ። ሚስቴ ከጎኔ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። እንቅልፍ የሚለው ጋ ስደርስ አላስቻላትም።

«ዶክተር፣ ውሸቱን ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድር፤ እኔንም አላስተኛ አለ።»

«እህቴ፣ ራሳቸው ናቸው መመለስ ያለባቸው።»

«እሱ ስለ ራሱ ምን ያውቃል?»

እውነቷን ነው። ስለ ነገሥታቱ ጠይቁኝ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራለሁ።

ቁጣዬንም ድካሜንም እሷ እየመለሰች፣ እኔ እየሰረዝኩ ቀጠልን። ስለ ምግብ ፍላጎት «ጾም ስለሆነ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። «የፋሲካ ለትም?» አለችኝ። አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ ግን ሰረዝኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ባልኖርኩ ይሻል ነበር ብለው ያስባሉ?» ይላል። እንደ ልማዴ «በፍጹም» ላይ ምልክት አድርጌ ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ዞር ብዬ ሳያት የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ወደ በሩ ታያለች።

«ይችንስ?» አልኳት።

«ይችን እኔ አላውቃትም። አንተው ንገረኝ።»

ስንት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዛ ከጎኔ ስታድር እንደኖረች ያኔ ገባኝ። ሰረዝኩና «አንዳንድ ቀን» የሚለው ላይ አደረግሁ።

ባለሙያው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ወንበሩን አቀረበ። ሚስቴ እጄን ያዘችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሰው ፊት እጄን ይዛ አታውቅም።