ላይኛው ጓዳ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ እንዳባራ ከሶዶ መናኸሪያ በላይ ያለውን መንገድ ስወጣ አንዲት ሴት የታጨደ ሣር በጀርባዋ ተሸክማ አለፈችኝ። ሸክሙ ከእሷ ይበልጣል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። እሷ ባጃጆቹ መሀል ገብታ ከዓይኔ ጠፋች፤ ሽታው ግን መንገዱ ላይ ቀረ። ማጭድ ገና የነካው፣ እርጥብ፣ መረር የሚል ሽታ። ጋሽ አንጁሎ ከገደሉ ሲወርድ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያደግኩት ሶዶ ከተማ ዳር፣ ዳሞታ ተራራ ሽቅብ ከሚጀምርበት ሰፈር ነው። ጋሽ አንጁሎ ጎረቤታችን ነበር፤ ግቢያችንን ከግቢው የሚለየው እንሰት ብቻ ነው። ከሁለታችንም ቤት ጀርባ ገደሉ ቆሟል። ገደሉ ላይ ከብት የማይደርስባቸው፣ ሣር የሚበቅልባቸው ሦስት ጠባብ እርከኖች ነበሩ። እሱ ጓዳ ይላቸዋል፤ ታችኛው ጓዳ፣ መካከለኛው ጓዳ፣ ላይኛው ጓዳ። የላይኛው ሣር በጋም ሆነ ክረምት አረንጓዴ ነው፤ ከአለቱ ውስጥ ውሃ ይመነጭለታል።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ በሬ ይገዛል። በሬው ከስቶ ይመጣና ወራት ሙሉ ታስሮ ይቀለባል። የሚታሰረው ጋሽ አንጁሎ ቤት ነበር፤ ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፤ የገደሉን ሣር የሚያወርድ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። በበዓሉ ቀን ሥጋው ተቆርጦ ጮማው ሲታይ ሰው ሁሉ የቃሪያ ዳጣውን ወደ ራሱ እያስጠጋ፣ ይሄማ የላይኛው ጓዳ ነው ይባባላል። ጋሽ አንጁሎ ቢላውን ይጠርጋል።

እኔ ሳውቀው ጢሙን ሽበት ጀምሮት ነበር። ኮንጎ ጫማውን ያወልቅና ዝናብ እንዳይገባበት ከአለቱ ሥር ይደፋዋል። ማጭዱን ከወገቡ ጀርባ ይሰካል። ከዚያ መዳፉን አለቱ ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል፤ ላም ሊያልብ የተቀመጠ ሰው ጎኗን እንደሚደባብስ። ሲወጣ አይቸኩልም፤ አይቆምምም። ተመልካች ሲያየው አለቱ እሱ በሚያውቀው ቦታ ሁሉ እጅ የሚዘረጋለት ይመስላል። የቃጫ ገመድ ይዞ ቢወጣም ለራሱ አልነበረም፤ ሣሩን አስሮ ለማውረድ ነው። በሁምቦ በኩል ማር ቆራጮች አለት ላይ ችንካር እየመቱ እንደሚወጡ ሲወራ ከሰማ ይስቃል። አለቱን ከቸነከሩትማ ምኑን ወጡት ይላል።

መጀመሪያ የከዳው ጉልበቱ ነው፤ ቀጥሎ ጣቶቹ። ሚስቱ እትዬ አስቴር ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉትና የተቀቀለ ጎደሬ ከድስቱ እንደወጣ በትኩሱ በሁለት እጁ ጨብጦ እስኪፈቱለት ይቀመጣል፤ ጎደሬውን ግን አይበላውም። ደጅ ወጥቶ ለሰው ሲያወራ ግን ጥፋቱ የጣቶቹ አልነበረም። አንድ ዓመት ዝናቡ አለቱን አሟለጨው አለ። በሚቀጥለው ዓመት ዝንጀሮዎች የእጅ መያዣውን ድንጋይ ነቀሉት አለ። ከበረቱ በር በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ እየተንጠለጠለ መለማመድ ጀመረ። በሬው እያመነዠከ ያየዋል። እጁ ሲለቀው መሬት ላይ ዱብ ይልና እንጨቱን ይሰድበዋል።

ሣሩ ከታችኛው ጓዳ ብቻ መምጣት ጀመረ። በዚያ ዓመት ጊፋታ ጮማው ሳሳ። የላይኛውን ጓዳ ስም ያነሣ አልነበረም። ጋሽ አንጁሎ ድርሻውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ።

አዲሱ በሬ ከተገዛ በኋላ ጎረቤቶች ተሰብስበው መጡ። ለበሬው ፉርሽካና ፋጉሎ እንግዛለት፣ ካልሆነም ዘንድሮ ዳዊት ጋ ይታሰር አሉ። ዳዊት በኮብልስቶን ማኅበር ተደራጅቶ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ወጣት ነው። እሱም አብሯቸው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጋሽ አንጁሎ ሁሉንም አዳመጠ።

«በሬው ከዚህ ቤት ከወጣ አንጁሎም ወጥቷል በሉ» አለ። «ይሄን ክረምት ተዉልኝ። ላይኛው ጓዳ ካልደረስኩ ራሴ ፈትቼ እሰጣችኋለሁ።»

ተዉለት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት እትዬ አስቴር እኛ ቤት መጥታ ሣሩ አልወረደም አለች። ወጥተን ስናይ ጫማው ከአለቱ ሥር ተደፍቷል። እሱ ከመካከለኛው ጓዳ በላይ፣ ከላይኛው በታች አለቱ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። መውጣትም መውረድም አቅቶታል። እግሩ ሲንቀጠቀጥ ከታች ይታየን ነበር። ሰው ተሰበሰበ። ዳዊት በተራራው ጀርባ ዞሮ ከገደሉ አናት ላይ አንድ ገመድ ከዛፍ አሰረና ወደ ታች ለቀቀው። የገመዱ ጫፍ ጋሽ አንጁሎ ፊት ላይ ደረሰ። አልነካውም።

«ጋሼ፣ ገመዱን ያዝ!» አለ ዳዊት ከላይ።

«ከፊቴ አንሣልኝ።»

«ወገብህ ላይ እሰረው፣ ቀስ አድርጌ አወርድሃለሁ።»

«እኔ ሣር ነኝ?»

ከታች አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ጋሽ አንጁሎ ግንባሩን አለቱ ላይ ደገፈ። ጣቶቹ ሊለቁ ምን ያህል እንደቀራቸው እሱ ብቻ ያውቃል። እትዬ አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ገደሉ ጠጋ አለች። አልጮኸችም፤ ከጓሮ የምትጠራው ይመስል በወላይትኛ ተናገረች።

«አንጁሎ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው። ና ውረድ።»

ገመዱን ያዘ። እንደ ሣሩ ታስሮ እየተሽከረከረ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማድረግ ስላቃተው በእጁ አንጠልጥሎ፣ ማንንም ሳያይ በመካከላችን አልፎ ሄደ። በማግሥቱ በሬውን ራሱ ፈትቶ ዳዊት ደጃፍ አደረሰው። የበሬውን ማሰሪያ ሲሰጠው፣ ማታ ማታ ከቀንዱ ሥር እከክለት፣ ይወዳል ብቻ አለው።

ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። ዝናቡ ሲያቆም ከገደሉ ድንጋይ የሚመታ ድምፅ መጣ። ከዳዊት መሮና መዶሻ ተውሶ ደረጃ እየጠረበ ነው። ያ በችንካር የሚስቅ ሰው። ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ፤ መንግሥት ለእኛ መንገድ ይሠራል፣ አንጁሎ ለዝንጀሮ ይሠራል አሉ። እናቴ አርፎ ቢቀመጥ ምን አለበት ትላለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊያጽናኑት መጡ። እስከ ዛሬ ስለተሰጠው ጉልበት እንዲያመሰግን መከሩት፤ አሜን ብሎ ሸኛቸውና መዶሻውን ይዞ ወጣ። በሬው የለ፣ ሣሩ ለማን ነው ብሎ አባቴ ጠየቀው።

«ሣሩን ማን ፈለገው?» አለ ጋሽ አንጁሎ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ የወጣሁት ገደል ነው። ዛሬ እኔን ለምን እምቢ ይላል?»

በየበጋው ጠረበ። ክረምት ሲገባ ያቆማል፤ ሲያባራ ይመለሳል። የመዶሻው ድምፅ በየዓመቱ እየራቀና እየሳሳ ሄደ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ሳንባውን አሞት ቤቱ ውስጥ ሞተ። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ የድሮውን ጮማ እያነሣ አወራ። ገደሉን ስለ መውጣቱ ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ አንድ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ገደል ላይ አሳልፎ በበሬ ስብ ይታወስ?

ሴትዮዋ ካለፈችኝ በኋላ ጉዳዬን ትቼ ወደ ሰፈሩ ወጣሁ። ቤቱን ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል፤ ቆርቆሮ ለብሷል። ደረጃው አለ። ጫማዬን አውልቄ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ነው የወጣሁባቸው። ከመካከለኛው ጓዳ በላይ ግን ተቀራረቡ፤ ስንዝር፣ ከዚያም ከስንዝር ያነሰ። ለረጅም እግሬ አልመች ብለው አናደዱኝ። ሥራው የተሰላቸ ሰው ሥራ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ፤ እያንዳንዱን የጠረበው ከበታቹ ባለው ላይ ቆሞ፣ በዚያ በጋ እግሩ የሚነሣለትን ያህል ለክቶ ነው።

የመጨረሻው ከበታቹ ካለው በአንድ ጡጫ ብቻ ከፍ ይላል። ጥልቀቱ የእግር ጣት እንጂ እግር አይዝም። ከእሱ በላይ አለቱ ልሙጥ ነው፤ የላይኛው ጓዳ ሣር ከጭንቅላቴ በላይ ተንዘርፍፎ ውሃ ያንጠባጥባል። የእግር ጣቶቼን አስገብቼ ክብደቴን ጣልኩበት። ያዘኝ።