ያላጠጣሁት ረድፍ

እስካለፈው ዓመት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ለባለቤቴም ቢሆን። ከሚሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ዋሸ ብዬ ያንበረከክሁት ተማሪ ብዙ ነው። ከሁሉም የከፋውን ውሸት የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ።

ሀሊማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ከጨፋ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር። ለሳይንስ ውድድር ያመጣችው ጥያቄ የእናቷ ነበር። እናቷ የዘር ማሽላዋን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅላ ታከርማለች፤ ጎረቤቶቿ በጆንያ ያስቀምጣሉ። የትኛው የተሻለ ይበቅላል? አሥር ጣሳ ደረደረች፤ በአንዱ ረድፍ የጭሱን፣ በሌላው የጆንያውን ዘር ዘራች። አፈሩ አንድ፣ ብርሃኑ አንድ፣ ውኃውም በአንድ ሲኒ ልክ። በሁለቱ ረድፎች መካከል ከዘሩ በቀር ሌላ ልዩነት እንዳይኖር ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ በላይ ገብቷታል።

ገና በተዘራ በሦስተኛው ቀን አረፋ ደረሰና ወደ ቤቷ ሄደች። የማጠጣቱን አደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ የጆንያውን ረድፍ እንዳጠጣሁ በጆግ የያዝኩት ውኃ አለቀ። ቧንቧ ብከፍት ውኃ የለም። ጓደኞቼ ወደ ባቲ ሊወስዱኝ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ይነፋሉ። ስመለስ አጠጣዋለሁ ብዬ ሄድኩ። አንድ ቀን ያልኩት ጉዞ አራት ቀን ሆነ። ስመለስ የጆንያው ረድፍ በቅሏል፤ የጭሱ ዘር አፈር ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። እኔ ምን አደረግሁ? ሀሊማ ሳትደርስ አሥሩንም ጣሳ እኩል አረጠብኩ።

የሥራዋን ግምገማ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። «አሠራሩ እንከን የለውም፤ ውጤቱ የጭሱ ዘር ደካማ መሆኑን ያሳያል» ብዬ ፈረምኩበት። ሥራዋን ለክፍሉ ስታቀርብ አንድ ተማሪ ምናልባት ውኃው እኩል አልደረሰ ይሆናል አላት።

«ቲቸር ናቸው ያጠጡት» አለች። «ጥፋቱ የዘሩ ነው።»

ተቀምጬ ሰማሁ። መናገር አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አፈርኩ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ካገኘኋት «አፉ በይኝ» እላታለሁ፤ እሷም «አፉ ብያለሁ፣ ቲቸር» ትላለች። ይቅር በይኝ ማለት ነው፤ ጾሙ ሲገባ አገሬው ሁሉ እንደዚሁ ይባባላል። እኔ ግን ስሙን ያልጠራሁትን በደል በዚህች ቃል ሳራግፍ ኖርኩ። የተታለለው ማን ነው? እሷ ወይስ እኔ?

አምና ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ አገኘኋት። አሁን እዚያው አስተማሪ ናት። እየሳቀች፣ የእናቷን ዘር ታሪክ ለተማሪዎቿ በየዓመቱ እንደምትነግራቸው አጫወተችኝ፤ የናት ወግ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ እንዲያውቁ። ውሸቴ ልጆች ወልዶ ጠበቀኝ! እዚያው በሬ ነጋዴዎች መካከል ቆሜ አላጠጣሁም አልኳት። የጭሱን ረድፍ አላጠጣሁም።

«እንግዲያው እማዬ ልክ ነበረች» አለችና እንባዋ መጣ። ዘርሽ የማይረባ ነው ብላ እናቷን ያሳፈረችበት ቀን ትዝ ብሏት ነው። አፉ አላለችኝም። ለእናቷም ራሴ እንድነግር ይዛኝ ሄደች።

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ሳቁ።

«እኔማ መች ሰማኋችሁ» አሉ። «በየዓመቱ እየሰቀልኩ ስዘራ ነው የኖርኩት። እኔ አፉ ብያለሁ፤ እሷ ትበልህ እንጂ።» ገብተውም ጭስ ያጠቆረው የማሽላ ዛላ አምጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

ሳላጠጣ አጠጣሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ውኃ ጠፍቶ ነበር፣ መኪና ቸኩሎ ነበር አልልም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘንድሮ የሀሊማ ተማሪዎች አሥር ጣሳ ዘርተዋል። በፊታቸው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሲስቁብኝም ቻልኩት። የቅዳሜና የእሁዱን ማጠጣት ሀሊማ ለእኔ ሰጠችኝ። የክፍሉን ቁልፍ ስትሰጠኝ፣ አሁንስ በደሌን በስሙ ጠርቼ፣ አፉ በይኝ አልኳት።

«ይብቀልና እናያለን» አለችኝ።