የይታየሽ አባት

አፀደ እስራኤል ውስጥ ነስ ጺዮና ከተማ ካለው ሥራዋ ለወላጆች ቀን በሩጫ ልጇ ትምህርት ቤት ስትደርስ፣ የሒሳቡ መምህር ፈገግ ብሎ ተቀበላት። «የይታየሽ አባት ቀድመው መጥተዋል። ባለፈውም የወላጆች ቀን መጥተው ካርዷ ላይ ፈርመውልናል። ምንም ብንነግራቸው ‹ቤሰደር›፣ እሺ፣ ብቻ ነው የሚሉት።»

የልጇ የይታየሽ አባት ሱዳን ከተቀበረ ሰባት ዓመቱ ነው።

በፈተና መርጦ በሚቀበለው በዚህ ትምህርት ቤት ከስድስት መቶ ተማሪ ኢትዮጵያዊቷ ይታየሽ ብቻ ናት። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ካለ፣ የማን አባት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል።

«ማን ነዎት አባቴ?» አለቻቸው።

ብድግ ብለው እጅ ነሷትና ከኪሳቸው ያረጀ ደብተር አወጡ። «ሒሳብ ዘጠና አራት። ፊዚክስ ሰማንያ ስምንት፤ ግን ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ይላሉ። በጊዜ አስተኚያት እንጂ ልጄ።»

አፀደ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ደብተሩ ላይ ዐረፈ። በይታየሽ ውጤት ትይዩ፣ ቀለሙ በደበዘዘ ጽሕፈት፣ የሌላ ልጅ ስም አለ። የዚያች ልጅ ውጤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆማል።

«እንግሊዝኛ ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው።

በሩ ተከፈተና የእንግሊዝኛ መምህርቷ የይታየሽን አባት ጠራች።

አፀደ ቦርሳዋን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ይግቡ እንጂ» አለቻቸው፤ «ተራዎ ነው።»