የኢናና ሰባት በሮችና የእህቴ አንገት

ታናሽ እህቴ ማተቧን አውልቃ ቤት የገባች ቀን አባታችን ምሳቸውን ትተው ተነሡ። የድጓ መምህር ናቸው፤ አንገቷ ባዶ ከሆነች ልጃቸው ጋር ከአንድ ትሪ አይበሉም። ከዚያ በኋላ በቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ማተብ፣ ማተብ፣ ማተብ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እህቴ ማተቧን ያወለቀችው እምነቷን ጠልታ አልነበረም። ትዳሯ ፈርሶ እኛ ዘንድ ተመልሳ ነበር፤ እንቅልፍም አጥታ ነበር። በዚህ መሐል ስልኳ ላይ አንድ «መንፈሳዊ አስተማሪ» አገኘች። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ተከታዮቹን ጣና ዳር ሰብስቦ በጥንት ኢራቅ የኖሩትን የሱመሮችን የአማልክት ታሪክ ይፈታላቸዋል። ኤንኪ በውስጣችሁ ያለ ጥበብ ነው፣ ኢናና ነፍሳችሁ ናት ይላል። ኢናና ወደ ሙታን አገር ስትወርድ ሰባት በር ታልፋለች፤ በየበሩ አንድ ነገር ያስወልቋታል፤ ዘውዷን፣ ዶቃዋን፣ መጨረሻ ላይ ልብሷን። «እናንተም የተደገፋችሁትን ጣሉ» ይላቸዋል።

እህቴ መጀመሪያ የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀች። እሰየው አልሁ። ቆይታ ማተቧን አወለቀች። መጨረሻ ላይ ስለ መድኃኒቷ ብትጠይቀው «ሰባተኛው በር ፍርሃት ነው» አላት።

እህቴ ስኳር አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ብልቃጡ የሚቀመጠው ፍሪጅ በር ላይ ነው። ፍሪጁን በየቀኑ እየከፈትን መድኃኒቱ አለመጉደሉን ያየ አልነበረም። ዓይናችን ሁሉ አንገቷ ላይ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ማተብ ባታስርም ጾሙን አልተወችም። ፊቷ ሲገረጣ ጾሙ ነው አልን፤ ውኃ ላይ ውኃ ስትጠጣ የባሕር ዳር ሙቀት ነው አልን።

አንድ ጠዋት ብቀሰቅሳት አልነቃ አለች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ጮህሁ። ጎረቤት ደርሶ ባጃጅ ላይ ጫንናት።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የዚያችን አምላክ ታሪክ በስልኬ ፈልጌ አነበብሁት። ማውለቁ መች አዳናት! በሮቹን ሁሉ አልፋ የጠበቃት ሞት ነው፤ ሬሳዋን ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ያስነሣት ኤንኪ የላከላት የሕይወት ምግብና ውኃ ነው። ለዚያም የበቃችው ከመውረዷ በፊት አገልጋይዋን «ካልተመለስሁ ጩኺልኝ፣ ደጅ ጥኚልኝ» ብላ አደራ ስለሰጠቻት ነው።

«አስተማሪ» የተባለው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃት መጣ። ለስኳር በሽተኛ የማንጎ ጭማቂ ይዞ!

«ሰባተኛውን በር አለፈች፤ ደስ ይበላችሁ» አለኝ።

«አገልጋይዋን የት አደረግሃት?»

«የቷን አገልጋይ?»

«ደጅ ቆማ የጮኸችውን! ለእህቴ ለምን አልነገርሃትም?»

«እሷ እንኳ… ምሳሌ ናት።»

«ምሳሌ? ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህሁት እኔ ነኝ!»

ጭማቂውን መልሼ ደረቱ ላይ ወረወርሁት። ዘበኛው መጥቶ ያስወጣው እሱን ነው፤ እግዜር ይስጠው።

በማግሥቱ እህቴ ዓይኗን ገለጠች። አባታችን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው ነበር። ገና ከመግባታቸው አንገቷን አዩና ከኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡ።

«አባየ፣ ይተዉ!» አልሁ። በሕይወቴ እሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ እህቴ ዞሬም «መርፌውን መተውሽን ለምን አልነገርሽኝም? ለአንዳችን እንኳ!» አልኋት።

ከንፈሯ ደርቋል። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ለማን ልንገር? ሁላችሁም የምታነጋግሩት አንገቴን ነበር።»

አባታችን ክሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ግን እህቴ ያን ሰውዬ ብቻ ሳይሆን እኛንም እንድረግም አድርጋኛለች።