እኔ ብቻ ያልሰማሁት ሕመሜ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ልቤ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል አንሶላ ሳነጥፍ ዳገት የወጣሁ ያህል ይመታል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በብርድ ያልበኛል፣ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። የአንገቴ ዕጢ፣ ታይሮይዴ፣ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና ከወጣ ዓመት አልፎታል። በሱ ፋንታ የምውጠው የሆርሞን ክኒን በዝቶብኝ ይሆናል ብለው ሐኪሞቹ ቀነሱልኝ፤ በኋላም አስቆሙኝ። ልቤ ግን አልረጋም። ዳሌዬንም ያመኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ ለሐኪም አይበቃም። የምታስተረጉምልኝ ልጄ ዘሃራ ናት። አንድ ቀን እሷ ፈተና ስለነበረባት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ክሊኒክ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ አስገባች።

«ሆርሞኑን የሚያመርተው ዳሌዎ አጥንት ውስጥ የገባው ካንሰር ነው» አለ ሰውየው ቃሏን እያቀበለኝ። «ካንሰሩን የሚገድለውን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ለምን እምቢ አሉ?»

የምን አጥንት? ድኛለሁ እኮ። ሐኪሟ ፋይሉን አየች። እኔን አየች።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነግረናችሁ ነበር።»

ያን ቀን ያስተረጎመችልኝ ዘሃራ ናት።

ቤት ስገባ ዘሃራን ያዝኳት። «እማዬ፣ አይም ሶሪ። አጎቴ ሰኢድ ነው አትንገሪያት፣ በድንጋጤ ትሞትብናለች ያለኝ።» ለካ ድኛለሁ ብዬ እምቢ ያልኩትን አዮዲን «ለጥንቃቄ ነው፣ ፕሊስ» እያለች የለመነችኝ ለዚህ ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። በአገራችን መርዶ ጊዜ ተጠብቆለት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦለት ነው የሚነገረው፤ የኔንም ጊዜ ሲጠብቁለት በሽታው አልጠበቀም። በጣም ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ከባለቤቱ ለተደበቀ በሽታ ግን ተረት አልተገኘለትም።

መጀመሪያ ልቤን የሚያረጋጋ ክኒንና ሆርሞኑን የሚቀንስ ሜቲማዞል ሰጡኝ፤ ሰውነቴ ሲበርድልኝ አዮዲኑን ዋጥኩና ጨረሩ ሰው እንዳይጎዳ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ስሰነብት፣ ሰኢድ ከስፕሪንግፊልድ እየመጣ ሾርባ በር ላይ አስቀምጦ፣ ከኮሪደሩ «አፉ በይኝ» ብሎኝ ይሄድ ነበር። አፉ አልኩት። ከወራት በኋላ ልቤ ረጋ፤ ቀሚሴም ልክ ሆነ። አጥንቴ ውስጥ ያለው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ደክሞኛል። አልሃምዱሊላህ፣ አለሁ፤ ላከሙኝም ላስታመሙኝም አላህ ይስጥልኝ።

እንደኔ የታመማችሁ፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ዘሃራ አሁንም አብራኝ ትገባለች፤ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰማለች። ክፉ ወሬ ሲመጣም እጄን ይዛ ታለቅሳለች። ያኔ፣ አፌ ሆና ስትናገር፣ ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላትም ነበር።